መጋረጃው ተዘግቶ እስኪከፈት፦ በምትሃት ትርዒት መሃል ተመልካችን መያዝ

የመድረክ ምትሃት ትርዒት ከፊት ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ክፍተት በክፍተት ነው። አንዱ ትልቅ ሳጥን ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። ከተመልካች መሃል የተጠራ ሰው የጎረቤቶቹን ጉልበት እየታከከ ወጥቶ፣ ደረጃውን ፈልጎ መድረክ ላይ እስኪደርስ ሌላ አንድ ደቂቃ። መሃል ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስደው ዋናው እረፍት አለ። ሳይታሰብ የሚመጣም አለ፤ ማይክ ይጠፋል፣ ርግቧ አልወጣም ትላለች።

ምትሃተኞች ለእነዚህ ክፍተቶች አጥብቀው ይጨነቃሉ። ድብርትን ፈርተው ብቻ አይደለም። ድራማ የሚያይ ሰው በእረፍት ሰዓት ቢሰለች ስልኩን ያወጣል፣ አለቀ። ምትሃት የሚያይ ሰው ግን ሲሰለች ማሰብ ይጀምራል። «ቆይ፣ ያ ጠረጴዛ ምን አወፈረው?» ብሎ ወደ ጎኑ ዞር ይላል። ጎኑ ያለውም የራሱን ግምት ይጨምርበታል። ምስጢሩ እጅ ከፍንጅ ባይያዝ እንኳ ጥርጣሬው ረድፉን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሥራ ሁሉም የሚያየው እንደ መርማሪ ነው።

ከመጋረጃው ፊት ያለችው ቦታ

ክፍተት የመሙላቱ ስልት በደንብ የሰለጠነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ቮድቪል፣ እንግሊዝ ውስጥ ሚዩዚክ ሆል የሚባሉት የመዝናኛ ቤቶች በአንድ ምሽት ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ አክሮባትና ምትሃተኛ ያፈራርቁ ነበር። ቮድቪሎች የመድረኩን ጥልቀት በቁጥር ይጠሩታል። «አንድ» የምትባለው በፊተኛው መጋረጃና በመድረኩ ጠርዝ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። አንዱ እዚያች ቦታ ላይ ቆሞ ሲያስቅ ከመጋረጃው ኋላ የሚቀጥለው ሰው ዕቃ ይደረደራል።

ትልልቅ ሳጥን ይዞ ለሚዞር ምትሃተኛ ይህ የታዘዘ ያህል ተመቸ። ሠራተኞች ከኋላ ሲገፉና ሲያነሱ እሱ ከፊት በካርታ፣ በገመድ ወይም በብረት ቀለበት ይጫወታል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ተርስተን (1869–1936) በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ የምትሃት ትርዒቶች አንዱን ይዞ የዞረ ሰው ነው። መጀመሪያ ስም ያወጣው ግን በካርታ ነበር። ሙዚቃውም ድርብ ሥራ ይሠራል። ለተመልካቹ ሙዚቃ ነው፤ ለሠራተኞቹ ደግሞ የጎማውንና የመዝጊያውን ድምፅ የሚሸፍን ልብስ።

ሁሉም ሥራ ለዚህች ቦታ አይሆንም። ዕቃው ኪስ የሚገባ ቢሆንም ከመጨረሻው ረድፍ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለጠጥ የሚችል መሆን አለበት። የመድረክ ኃላፊው ከኋላ «ዝግጁ ነን» የሚል ምልክት እስኪሰጥ ይረዝማል። ምልክቱ ሲመጣ ደግሞ በ10 ሰከንድ ይጠናቀቃል። መግቢያና መደምደሚያው የተቆለፈ ረጅም ታሪክ እዚህ ቦታ ላይ መከራ ነው።

ፈረንሳዊው ፌሊሲየን ትሬዌ (1848–1920) በዚህ ረገድ የታደለ ነበር። መሃሉ ክፍት የሆነ አንድ ክብ ወፍራም ጨርቅ በተለያየ ባርኔጣ መልክ እያጣጠፈ ራሱ ላይ ያደርጋል። ፊቱንም አብሮ ይለውጣል፤ አንዴ ቄስ፣ አንዴ ወታደር ይሆናል። በጣቶቹ ጥላም ግድግዳ ላይ ሰውና እንስሳ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሥራ ቢፈለግ በአምስት ባርኔጣ ያልቃል፣ ቢፈለግ በሃያ።

የሚገርመው፣ ሲኒማም የምትሃት ቤት ደጃፍን የረገጠው በዚሁ መልኩ ነው። በ1896 ትሬዌ ራሱ የሉሚዬር ወንድማማቾችን ተንቀሳቃሽ ምስል ለንደን ላይ አሳየ። በዚያው ዓመት ምትሃተኛው ዴቪድ ዴቫንት ለንደን ውስጥ ኢጂፕሺያን ሆል በተባለው የምትሃት ቤት፣ ጆርጅ ሜልየስ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ በቴአትር ሮቤር-ኡዳን ፊልም ከትርዒታቸው ጋር ማሳየት ጀመሩ። ያኔ አንድ ፊልም ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ያህል ነገር ነበር፤ በሁለት ሥራ መካከል ሸጎጥ ለማድረግ ምቹ። ውሎ አድሮ ግን የተሸጎጠው ነገር ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው። ሜልየስም በምትሃተኛነቱ ሳይሆን በፊልሞቹ የሚታወስ ሰው ሆነ።

ከመጋረጃው ፊት ያለችው ቦታ ክፉ ትዝታም አላት። በኤፕሪል 15 ቀን 1984 ብሪታኒያዊው ቀልደኛ ምትሃተኛ ቶሚ ኩፐር በቴሌቪዥን ቀጥታ ሥርጭት ላይ እያለ መድረክ ላይ ወደቀ። ተመልካቹ የቀልዱ አካል መስሎት ሳቀ። ሥርጭቱ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ሲመለስ ተራቸው የደረሰ ቀልደኞች ከመጋረጃው ፊት ባለችው ስንዝር ቦታ ላይ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከኋላቸው ኩፐርን ለማትረፍ ይሯሯጡ ነበር። አልተረፈም።

መጠበቁ ራሱ ትርዒት ሲሆን

ሃሪ ሁዲኒ (1874–1926) ከሌሎቹ የተለየ ችግር ነበረበት። ሥራው ከእስር ማምለጥ ነው። ማምለጡ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚካሄደውም ተሸፍኖ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ጨርቅ ብቻ ነው ማለት ነው። ታዲያ ጨርቅ እያየ ማን ይቀመጣል?

በማርች 17 ቀን 1904 ለንደን ሂፖድሮም ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። አንድ ጋዜጣ ያቀረበለትን ልዩ ካቴና ሊፈታ ገባ። ሙዚቀኞቹ ይጫወታሉ። አዳራሹ ውስጥ 4000 ያህል ሰው አለ። ፍልሚያው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሁዲኒ ግን ተሸፍኖ አልቀረም። በየመሃሉ ላብ አጥምቆት ብቅ ይላል። አንዴ ጉልበቱ ስለደከመ ትራስ ተሰጠው። አንዴ ኮቱን ለማውለቅ ካቴናውን ለአፍታ እንዲፈቱለት ጠየቀ፤ እምቢ ተባለ። በኪሱ የነበረውን ቢላ አውጥቶ በጥርሱ ነክሶ ኮቱን ቆራረጠው። አዳራሹ ጮኸ። በእኔ ግምት የዚያን ምሽት ትልቁ ምትሃት ካቴናው አልነበረም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨርቅ እያዩ ማንም አለመሰልቸቱ ነው።

በ1908 የጀመረው የወተት ጋን ማምለጫው ደግሞ የበለጠ ብልሃት አለው። ውሃ የሞላው ጋን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተመልካቹ አብሮት ትንፋሹን እንዲይዝ ይጋብዛል። ብዙዎቹ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይተነፍሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰከንድ በራሳቸው ደረት የተለካ ነው። ባዶ ጊዜን ወደ ጭንቀት ለመለወጥ ከዚህ የረከሰ ዘዴ አላውቅም፤ ምንም ዕቃ አይፈልግም።

ወደ መድረክ የሚመጣው ሰው

ይህኛው ክፍተት ትንሽ ቢሆንም ከአንድ ትርዒት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመጣል። የለመደ ምትሃተኛ ከመተላለፊያው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይመርጣል፣ ጭብጨባ ይጠይቅለታል፣ ሙዚቃ ያስጀምራል። ሰውየው ሲራመድ ስሙን ይጠይቀዋል። በሰውየው አካሄድ ወይም አለባበስ መቀለድ ቀላሉ መንገድ ነው፣ መጥፎውም እሱ ነው። አንዴ የተዋረደ ሰው መድረክ ላይ አይተባበርም፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ፈቃደኛ ሲጠራ አዳራሹ ሁሉ ጫማውን ማየት ይጀምራል።

ዋናው እረፍት

ከትልቁ እረፍት በፊት የሚታየው የመጨረሻ ሥራ ተመርጦ ነው የሚገባው። ሰው የሚወጣው እሱን እያወራ ነውና። ጥሩ አዘጋጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይቋጩ ይተዋሉ። የታሸገ ፖስታ ለአንድ ተመልካች አደራ ይሰጣል። ወይም ከጣሪያው የተንጠለጠለ ሳጥን እዚያው ይቆያል፤ ውስጡ ያለው ትንቢት የሚነበበው ከእረፍት በኋላ ነው። ሰው ሻይ እየጠጣም ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ሐሳብ አንባቢ ነን የሚሉት ደግሞ በእረፍቱ ሰዓት ተመልካቹን ጥያቄ በወረቀት ያስጽፋሉ። ሰው በጽሑፉ ሲጠመድ ጊዜው ያልፋል፣ ለሁለተኛው ክፍልም ስንቅ ይሆናል።

ከአዳራሹ ውጭም የተሠራ አለ። እንግሊዛዊው ፒ. ቲ. ሴልቢት በ1921 ሰውን በመጋዝ የመቁረጥ ትርዒቱን ሲያሳይ ከቴአትር ቤቱ ደጃፍ አምቡላንስ ያቆም ነበር። በትርዒቶቹ መካከል ሠራተኞቹ ደም የሚመስል ፈሳሽ በባልዲ አምጥተው የመንገዱ ቦይ ውስጥ ይደፋሉ። ጨዋነት ይጎድለዋል። ግን ሠርቶለታል።

ፔንና ቴለር የተባሉት ጥንድ አሜሪካውያን ምትሃተኞች ላስ ቬጋስ ውስጥ ነገሩን ከትርዒቱ መጀመሪያ በፊት አመጡት። ትርዒቱ ሳይጀመር ተመልካቹ መድረክ ላይ ወጥቶ ዕቃውን እንዲመረምር ይጋበዛል። በዚያ ጊዜ ማይክ ጆንስ ጃዝ ፒያኖ ይጫወታል፤ ፔን ራሱ ቤዝ ይዞ አብሮት ይቆማል። ብዙው ሰው ገና ዋናውን ሰው መድረክ ላይ እያየ መሆኑን ልብ አይልም።

እኔ የማልወደው በእረፍት ሰዓት ጮክ ያለ ሙዚቃና ማስታወቂያ መደርደሩን ነው። ሰው ሽንት ቤት መሄድ አለበት፣ እግሩን ማፍታታት አለበት፣ ያየውንም ማውራት አለበት። ደግሞም ረጅሙ እረፍት እንደ አጭሩ አያስፈራም። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ትዝታ ይደበዝዛል። ሳጥኑን ማን እንደነካው፣ ካርታው መቼ እንደተመረጠ ይምታታል። ሲያወሩት ደግሞ ይጨምሩበታል። «እጁን እንኳ አላስጠጋም!» ይላሉ፣ አስጠግቶ ሳለ። ምትሃተኞች ይህን አውቀው ይጠቀሙበታል። ስውሩን ሥራ ቀድመው ጨርሰው፣ በመሃል ጊዜ አስገብተው፣ ውጤቱን ዘግይተው ያሳያሉ።

የጊዜ ጉዳይ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ሕንዳዊው ፒ. ሲ. ሶርካር በ1956 አሳይቷል። በቢቢሲ ቀጥታ ሥርጭት አንዲት ወጣት በመጋዝ ቆረጠ። ልጅቷ ደህና መሆኗ በደንብ ሳይታይ የፕሮግራሙ ሰዓት አለቀና ተዘጋ። ተመልካቾች የሞተች መስሏቸው ስልክ አጨናነቁ። ሶርካር ግን በማግስቱ የሁሉም ወሬ ሆነ።

ድንገተኛ ብልሽት ሲመጣ የለመዱት ሰዎች የተዘጋጀ ወግ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ተመልካቹ ዕቃው መበላሸቱን ማወቅ የለበትም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅምና መናዘዝ አያስፈልግም። ለሕጻናት በሚቀርብ ትርዒት ላይ ግን ወግ አይሠራም። ሕጻን የሚያዘው ሲጮህና እጁን ሲያንቀሳቅስ ነው። ለዚህም ይመስላል የሕጻናት ትርዒት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ሆኖ ያለ እረፍት የሚያልቀው።

ከእረፍት መልስ የመጀመሪያው ሥራ አጭርና ደማቅ ይደረጋል። ገና መቀመጫ የሚፈልግ አለ፣ ብርጭቆ ይዞ የሚገባ አለ። ፖስታው የሚከፈተው እነሱም ከተቀመጡ በኋላ ነው።