ራስን መሰለል ምንድን ነው?

መንግሥት ይከታተለኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ ይወጣል፣ «ግድግዳም ጆሮ አለው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ራስን መሰለል የዚህ ግልባጭ ነው። ሰውየው የት እንደዋለ፣ ምን እንደበላ፣ የት ስንት እንደከፈለ ራሱ እየመዘገበ አደባባይ ያወጣዋል። ጆሮ ጠቢው የሚፈልገውን ሳይጠየቅ ይሰጠዋል፤ ያውም አትረፍርፎ።

በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ባንግላዲሽ የተወለደው አሜሪካዊ አርቲስት ሀሰን ኤላሂ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ከውጭ ሲመለስ ዲትሮይት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያዙት። ፍሎሪዳ ውስጥ በተከራየው የዕቃ ማከማቻ ፈንጂ ደብቋል የሚል የሐሰት ጥቆማ ደርሶ ነበር። የኤፍቢአይ ምርመራ ወራት ፈጀ፤ መጨረሻ ላይ 9 ጊዜ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፈተኑት። ነጻ ነህ ተባለ። ነጻነቱን የሚያሳይ ወረቀት ግን አላገኘም፤ መቼ ተከሰሰና! ስለዚህ ከመጓዙ በፊት ለመርማሪው እየደወለ መንገዱን ማሳወቅ ጀመረ። ውሎ አድሮ ጥሪው ድረ ገጽ ሆነ፦ ያለበትን ቦታ በካርታ የሚያሳይ ቀስት፣ የተኛባቸው አልጋዎች፣ የበላቸው ምግቦች፣ የተጠቀመባቸው ሽንት ቤቶች፣ የባንክ ሒሳቡ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፎቶ። ድረ ገጹ ጎብኚዎቹን ስለሚመዘግብ፣ ከየትኞቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደሚያዩት እሱም በተራው ያይ ነበር።

አስተሳሰቡ የገበያ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የሞላ ዕለት ዋጋው ምን እንደሚሆን የጎንደር ሰው ያውቃል። የስለላ መረጃም ውድ የሚሆነው ጥቂቶች ብቻ ሲይዙት ነው።

ትልቁ ብልሃት ግን ፎቶዎቹ ሰው አልባ መሆናቸው ይመስለኛል። አንዲት የጎንደር ሠዓሊ ሞከረችው እንበል። ጠዋት ፒያሳ የጠጣችው ማኪያቶ፣ የባጃጁ የኋላ ወንበር፣ ምሳ ላይ የሽሮው ትሪ፣ ማታ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ። ቦታውም ሰዓቱም አለ። ምን አሰበች? ከማን ጋር ምን ተጫወተች? የለም። ብቻ ትሪውን ልብ ብሎ ላየው፣ እንጀራው በሁለት በኩል ተቆርሷል።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኼው ነው። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው «ምን ነካው?» ይባላል። ሠዓሊዋ የራሷን ውሎ ስትለጥፍ የአክስቷን ሳሎን፣ የጎረቤቷን ደጅ አብራ ትለጥፋለች፤ እነሱን ማን ጠየቃቸው? ደግሞም የፎቶ ጎርፍ የሚያሰለቸው ሰውን እንጂ ኮምፒውተርን አይደለም። ሲም ካርዷ በስሟ ተመዝግቧል፣ የጣት አሻራዋና የዓይኗ ምስል በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ላይ አለ። እነዚህን ሺህ ማኪያቶ አይሸፍናቸውም።

ቢሆንም ልሞክረው የሚል ካለ፣ የገበታውን ፎቶ ዘመድ ሳይቀርብ ያንሳ። ፎቶው ቦታና ሰዓት ይዞ ይውጣ አይውጣም ስልኩ ላይ አስቀድሞ ይወስን።