“ማቺንግ ነምበርስ” ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ፤ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ሊብሬው ይወጣል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ በሊብሬው የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር ይመሳከራል። የጥንት ስፖርት መኪና ወዳጆች “ማቺንግ ነምበርስ” የሚሉት ነገር ከዚህ ልማድ ብዙም የራቀ አይደለም፤ የሚለየው የሚመሳከርበት ሰነድ ነው። ሊብሬ የሚመዘግበው ዛሬ መኪናው ላይ ያለውን ሞተር ስለሆነ፣ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ሲቀየር አዲሱ ቁጥር ይገባበትና ነገሩ በዚያው ያበቃል። የጥንት መኪና ገዢ የሚጠይቀው ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣው ሞተር ይኸው ነው ወይ ብሎ ነው። እንግዲህ “ማቺንግ ነምበርስ” ማለት በመኪናው ዋና ዋና ክፍሎች ላይ የተመቱት ቁጥሮች፣ ፋብሪካው ያን መኪና ሠርቶ ሲጨርስ በመዝገቡ ካሰፈራቸው ቁጥሮች ጋር ገጥመው መገኘታቸው ነው።

የትኛው ክፍል እንደሚቆጠር ከመኪና መኪና ይለያያል። አሜሪካ ሠራሽ ስፖርት መኪኖችን የሚሰበስቡ ሰዎች ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰበት ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን መቅደሙን ሳይቀር ይመረምራሉ። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለማየት ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ የቀረበውንና እስከ 1974 ድረስ በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ከ70,000 በላይ የተመረተውን ጃጓር ኢ-ታይፕ መውሰድ ይበቃል። በዚህ መኪና የሚፈለጉት ቁጥሮች አራት ናቸው፤ የሻንሲ፣ የሞተር፣ የካምቢዮ እና የቦዲ። የጃጓር ዳይምለር ሄሪቴጅ ትረስት የፋብሪካውን መዝገብ ተመልክቶ ለባለቤቶች በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ እነዚህ አራቱ፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ የተሠራበት ቀንና መኪናው የተላከለት ነጋዴ ይሰፍራሉ። በሞተር ክፍሉ ውስጥ ቁጥሮቹን በአንድነት የያዘ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ነገር ግን ተመሳሳዩ ዛሬ ተሠርቶ የሚሸጥ በመሆኑ ሰሌዳውን ብቻ አይቶ ያመነ ገዢ ምንም እንዳላየ ይቆጠራል።

የሞተሩን ቁጥር አግኝቶ ማንበብ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኢ-ታይፕ ኮፈን ከፓራፋንጎዎቹ ጋር አንድ ሆኖ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከነሙሉ ጎኑ የሚታይ ይመስላል። ቁጥሩ ግን የተመታው በሞኖብሎኩ ቀኝ ጎን ከዘይት ፊልትሮው በላይ ስለሆነ ከካርቡራቶሮቹ ሥር ባትሪ እያበሩ ማጎንበስ ግድ ይላል። በነጭ ጋዝ የራሰ የጥርስ ብሩሽ ቦታውን ሲያሹት መጀመሪያ ለዓመታት የተጋገረው ዘይት ይለቃል፣ ከሥሩ አንዱ መካኒክ የቀባው ቀለም ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ራሱ ይነበባል። የ3.8 ሊትሩ ሞተር ቁጥር “አር” በሚለው ፊደል ይጀምራል፤ በ1964 የመጣው የ4.2 ሊትሩ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በ“7ኢ” ይጀምር ነበር። መጨረሻው ላይ ከሰረዝ በኋላ የሚታየው 8 ወይም 9 ሞተሩ ቤንዚንና አየሩን ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ የሚናገር እንጂ የተራ ቁጥሩ አካል አይደለም። ያው የሞተር ቁጥር ሞኖብሎኩን ከላይ በሚከድነው በቴስታታው ፊት ለፊት በድጋሚ ተመትቷል። ሆኖም ቴስታታ ከአንዱ ሞተር ወጥቶ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚገጠም ዕቃ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሳይገጥሙ ቢቀሩ ክብደት የሚሰጠው ሞኖብሎኩ ላይ ላለው ነው።

ቁጥሮች ሳይገጥሙ የሚቀሩት በአብዛኛው በተንኮል አይደለም። በ4.2 ሊትሩ ሞኖብሎክ ውስጥ ሲሊንደሮቹ በጣም ስለተቀራረቡ በመካከላቸው ያለው ብረት የመሰንጠቅ አመል አለው፤ መኪናው ተራ ያገለገለ መኪና በነበረበት ዘመን የተሰነጠቀበት ባለቤት ደግሞ በ1968 ከወጣው የጃጓር ኤክስጄ6 የቤት መኪና ሞተር አውርዶ ቢገጥም ማንም አይወቅሰውም ነበር። ከዘይት ፊልትሮው በላይ በኤክስጄ6 መለያ በ“7ኤል” የሚጀምር ቁጥር የሚያገኝ ገዢ የሚያየው የዚያን ዘመን ጥገና ነው። መኪናው ልክ እንደ ዱሮው ሊሮጥ ይችላል፤ “ማቺንግ ነምበርስ” ግን መባሉ ቀርቷል።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ሲደረስ ነው። ኢ-ታይፕ እንደ ጭነት መኪና ከታች የተዘረጋ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱን የሚሸከም ሆኖ፣ ሞተሩን የሚይዘው ከፊቱ በቡሎን የታሰረ የብረት ቱቦ ፍሬም ነው። የሻንሲ ቁጥሩም የተመታው በዚሁ ፍሬም ፊተኛ አግዳሚ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከአሞርዛተሩ ማሰሪያ በላይ ነው። ይህም ማለት የመኪናው ማንነት የተጻፈው ተፈትቶ በሚወጣና ግጭት ሲደርስ መጀመሪያ በሚጎዳ ዕቃ ላይ ነው ማለት ነው። ቱቦዎቹ ስስ ከመሆናቸውም በላይ ውኃ ገብቶባቸው ከውስጥ ሲዝጉ ከውጭ ቀለማቸው ያማረ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ባለቤቱ ቁጥሩን ለማትረፍ ሲል የዛገ ፍሬም ላይ ሞተር አንጠልጥሎ መንዳት የለበትም፤ በእኔ ግምት ይህ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ደግነቱ የጎን ፍሬሞቹና የፊተኛው አግዳሚ የየራሳቸው ስለሆኑ፣ የዛገውን ቀይሮ ቁጥር ያለበትን ማስቀረት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ቁጥር ያለበት ራሱ ካልዳነ ግን አሮጌው ቁራጭ ሳይጣል ፎቶ ተነሥቶና ሥራው የተሠራበት ደረሰኝ ተያይዞ ከመኪናው ሰነድ ጋር መቀመጥ አለበት።

የማንነት ክርክር ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜም አለ። በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የ“ለ ማን” የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈው “ኦልድ ነምበር ዋን” የተባለው ቤንትሌይ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ከተስማሙ በኋላ ገዢው መኪናው ያ መኪና አይደለም ብሎ ተከራከረ። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 በሰጠው ውሳኔ፣ ከመጀመሪያው ዕቃ የተረፈው ጥቂት ቢሆንም የመኪናው ታሪክ ሳይቋረጥ የቀጠለ በመሆኑ ስሙ ይገባዋል አለ። ዳኛው የመዘኑት የታሪኩን መቀጠል እንጂ የተረፈውን ብረት ብዛት አልነበረም፤ በየጋራዡ ያለው ገበያ ግን አሁንም ብረቱን ይቆጥራል።

ቁጥር ዋጋ ካለው ቁጥር የሚፈበርክ አይጠፋም። አሮጌውን ቁጥር ፍቆ የሚፈለገውን መምታት የቆየ ማጭበርበሪያ ስለሆነ፣ ዓይን የሚያርፈው ከፊደሎቹ ይልቅ ከሥራቸው ባለው ብረት ላይ ነው፤ ዙሪያው እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ቁጥሩ ያለበት ብቻ በሞላ ማሽን የተፋቀ ከመሰለ ጥያቄ ይነሣል። አሃዞቹ ትንሽ መዛነፋቸው ብቻውን አያስጠረጥርም፤ ፋብሪካውም ቢሆን በእጅ፣ በመዶሻ ነበርና የሚመታቸው።

ቃሉ ስለ መኪናው ጤና አንዳች የማይናገር መሆኑ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። አራቱም ቁጥሮች የገጠሙለት ኢ-ታይፕ ወለሉ በስቱኮ የተሞላ፣ ሞተሩ ዘይት የሚበላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ያልገጠሙለት ደግሞ በጥንቃቄ ታድሶ ለረጅም መንገድ የሚታመን ሊሆን ይችላል። መኪናውን ሊነዳው የሚገዛ ሰው በሁለተኛው አይጎዳም፤ እንዲያውም በቅናሽ ያገኘዋል።

ቁጥሩ የገጠመለትን መኪና የያዘ ባለቤት ደግሞ ሞኖብሎኩን ወደ ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት ቁጥሩን በቅርብ ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታው በአሸዋ እንዳይነፋና በሞላ እንዳይነካ ለባለሙያው በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርበታል። የቀድሞው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ አንደኛው ማርሽ እየጮኸ ያስቸገረውና ዘመናዊ ባለአምስት ማርሽ የገጠመም ሰው አሮጌውን ለቁራሌው መስጠት የለበትም፤ ዘይት ተቀብቶ በሳጥን ውስጥ በጋራዡ ጥግ ይቀመጥና መኪናው ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል።