ቻርልስ ራድቦርን፦ ክለቡ ያገደውና መልሶ የለመነው ወርዋሪ

ቻርልስ ራድቦርን ቤዝቦል ገና የደመወዝ ሥራ መሆን በጀመረበት ዘመን ከተነሱት ወርዋሪዎች (ኳሷን ለመቺው ከሚወረውሩ ተጫዋቾች) አንዱ ነው። ቅጽል ስሙ ኦልድ ሆስ ነበር። በ1854 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ተወለደ፤ ያደገው ግን ኢሊኖይ ውስጥ ብሉሚንግተን ነው። አባቱ ባለ ልኳንዳ ነበሩ።

ሰው ስሙን የሚያነሳው በ1884 የተነሳ ነው። ያኔ ክለቡ ፕሮቪደንስ ግሬይስ ሁለት ዋና ወርዋሪ ነበረው፤ እሱና ወጣቱ ቻርሊ ስዊኒ። አይዋደዱም ነበር። በሐምሌ ወር ራድቦርን ጨዋታ ሆን ብሎ አበላሽቷል ተብሎ ታገደ። ብዙም ሳይቆይ ስዊኒ በጨዋታ መሀል ተቀየር ሲባል አሻፈረኝ ብሎ ጥሎ ሄደ፣ ተባረረም። ክለቡ ሊፈርስ ደረሰ። ራድቦርን ይሄኔ ነው የተደራደረው፦ ደመወዜን ጨምሩ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከውሌ ልቀቁኝ፣ የቀረውን እኔ እወረውራለሁ። በጊዜው ክለብ ካልለቀቀው በቀር ተጫዋች የትም መሄድ ስለማይችል ጥያቄው ቀላል አልነበረም።

ቃሉን ጠበቀ። የቀረውን ጨዋታ ከሞላ ጎደል ብቻውን ወረወረ። በዓመቱ በጠቅላላ 59 ጨዋታ አሸነፈ (60 የሚሉ መዛግብትም አሉ)፣ 441 ጊዜ መቺን በስትራይክ (ሦስት ጥፋት አስቆጥሮበት) አስወጣ። ዛሬ በዓመት 20 ያሸነፈ ወርዋሪ ጉድ ይባልለታል! በእርግጥ ያኔ የሚወረወረው ከ15 ሜትር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ18 ሜትር በላይ ነው፤ ግን ክንድ ክንድ ነው። ጠዋት ፀጉሩን ለማበጠር እንኳ እጁን ማንሳት ያቅተው ነበር ይባላል። በዚያ ላይ የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሌላኛውን ሊግ አሸናፊ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታንስን ሦስቴ በተከታታይ ረታ።

ውሉን ለማስፈታት ያን ያህል ለፍቶ፣ በ1885ም እዚያው ፕሮቪደንስ ተጫወተ። ክለቡ ሲፈርስ ወደ ቦስተን ሄደ። በ1886 የቡድን ፎቶ ላይ የመሀል ጣቱን ቀስሮ ይታያል፤ ይህ ምልክት በፎቶ ሲቀር የመጀመሪያው ነው ይላሉ። ፀባዩ ቀና ነበር ብዬ አልዋሽም።

በ1891 ሲንሲናቲ ላይ ጨዋታ አቆመ። ብሉሚንግተን ተመልሶ ቢሊያርድ ያለው መጠጥ ቤት ከፈተ። በአደን ላይ በጥይት ተመትቶ አንድ ዓይኑ ጠፋ፣ ፊቱም ተበላሸ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መውጣት ይጠላ ነበር። በ1897 በ42 ዓመቱ ሞተ። ከ300 በላይ ጨዋታ ያሸነፈው ይህ ሰው ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባው በ1939 ነው።