ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ የማያበቃው ለምንድን ነው?

ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው በወካዩ ስም ማንኛውንም ሥራ መፈጸም የሚችል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2203 እና 2204 እንደሚደነግገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስገኘው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ይኸውም ንብረትን መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ እንዲሁም ለሽያጭ የተዘጋጁ ወይም ሊበላሹ የሚችሉ ዕቃዎችን መሸጥ ነው። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣነት መስጠት፣ ስጦታ ማድረግ፣ በክርክር መታረቅና ፍርድ ቤት ቀርቦ መሟገት ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና፣ ማለትም ሥራውን ለይቶ የሚጠቅስ ሥልጣን፣ ይጠይቃሉ። እነዚህ ሥራዎች የባለቤቱን መብት ከሥሩ የሚነኩ በመሆናቸው ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

በእኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረው ከፊርማው በፊት ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ጠበቃ የተለመደውን ቅጽ ከመሙላቱ በፊት፣ «ተወካዩ ቤቱን እንዲሸጥ ጭምር ይፈቅዳሉ? ገንዘቡንስ ማን ይቀበላል?» ብሎ በቀላል አማርኛ መጠየቅና መልሱን በሰነዱ ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት። በተለይ በውጭ አገር ሆኖ በኤምባሲ በኩል ውክልና የሚልክ ሰው፣ ጉድለቱ የሽያጩ ውል ሊረጋገጥ በቀረበበት ዕለት ቢታወቅ፣ ሰነዱን እንደገና አዘጋጅቶ ለመላክ ይገደዳል።