ክርስትና አባትና አበልጅ በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲጠመቅ ከውኃ የሚቀበለው ሰው ነው። ሕዝቡ «ክርስትና አነሳ» ይላል። በልማዱ ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያነሳል። ወላጅ የራሱን ልጅ አያነሳም። ወላጆቹና ክርስትና ያነሳው ሰው እርስ በርሳቸው «አበልጅ» ይባባላሉ። ልጁ በዚያች ጠዋት ሌላ ወላጅ ተጨመረለት ማለት ነው።

ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የወለደች እናት የምትነጻበትን ቀን ሲቆጥር፣ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ይላል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደገቡ ይናገራል። ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም የጣለውን ጠብቀን ስላቆየን እኛ ዘንድ ቆጠራው ዛሬም ሕያው ነው።

ሥርዓቱ በማለዳ ይፈጸማል። እናት ከወለደች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤ ቀኑ ለእሷም የመመለሻ ቀን ነው። ካህኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሕፃኑ ግን አፍ አልፈታም። የሚመልስለት ክርስትና አባቱ ነው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሥላሴ ማመኑን ይናገራል። ጸሎተ ሃይማኖትም ይደገማል። ልጁ ሦስት ጊዜ ተነክሮ ሲወጣ እሪ ይላል፤ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ሰው ነጠላው እስከ ክንዱ ይርሳል። ከዚያ ሰውነቱ 36 ቦታ ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ በቅዳሴው ይቆርባል።

«እክዳለሁ፣ አምናለሁ» ያለው ሰው አፉን አውሶ ብቻ አይሄድም። ልጁ ከፍ ሲል ሃይማኖቱን ማስተማር፣ በምግባር ማሳደግ የእሱም ዕዳ ነው። ካህናት ምግባሩን አይታችሁ ምረጡ የሚሉት ለዚህ ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ አይሰማም። አለቃውን የሚመርጥ አለ፤ ስጦታ አስልቶ ሀብታም ጎረቤቱን የሚመርጥም አለ። በእኛ ሰፈር ያየሁት አንድ ሰው ሲቀማመስ የሚያመሽ ነበር። ክርስትና ካነሳ በኋላ ግን ጠጥቶ በአበልጁ ደጅ ማለፍ አፈረ። ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር፤ በኋላ መንገዱም ስለረዘመበት ይሁን እንጃ መጠጡን ቀነሰ። ልጁን ለማሳደግ የገባ ሰው ራሱ አደገ።

በጽሑፍ በኩል ዋናው ምንጭ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ያሰናዳው ሲሆን፣ በትውፊት ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው ይባላል። የጋብቻን ነገር በሚያትተው አንቀጹ የክርስትና ዝምድናን ጋብቻ ከሚከለክሉት ዝምድናዎች ይቆጥረዋል። ክርስትና አባት የክርስትና ልጁን አያገባም፤ ልጆቻቸውም እንደ ወንድምና እኅት ይታያሉ። ክልከላው እስከ የት ድረስ ይዘልቃል ብትሉ ግን የካህናቱ መልስ ይለያያል።

ከታሪኩ ሁሉ ጎልቶ የሚነገረው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ዋናው ጉዳይ የካህናቱ የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ የተዋሕዶ ወገን ረታ። የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ነገርም በዚያው ሰሞን ተቆረጠ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ተቀናቃኛቸው ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እሳቸውን ያነሱት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። አንድ አገር፣ ሁለት ተቀናቃኝ፣ ሁለት ክርስትና አባት! ለሕዝቡ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶ ተጠመቁ መባሉ ያመጣው ቁርሾ ቀላል አይደለም፤ የጸሐፊዎች ሚዛንም እንደየወገናቸው ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ያሳያል። ነገሥታቱ ጠላትን የራስ ልጅ ለማድረግ ከክርስትና አባትነት የጠነከረ ገመድ አላገኙም።

ራስ ሚካኤል በኋላ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ ልጅ ኢያሱ ተወለደ። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተባሉ። እስኪ አስቡት፦ ክርስትና ያነሷቸው ምኒልክ ቢሆኑ ኖሮ፣ በፍትሐ ነገሥቱ ሸዋረጋ እኅታቸው ነበረች። ልጅ ኢያሱም ባልተወለደ።

በዛሬው ሕግ ነገሩ ሌላ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሥጋና በጋብቻ የተዛመዱ እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ የክርስትና ዝምድናን አያነሳም። ክልከላውን የሚጠብቀው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና የዘመድ ዓይን ነው።

ዝምድናው በዓመት አንዴ በግልጽ የሚታየው በቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይሰጣል። ልጁ ትኩሱን ዳቦ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲሮጥ ያየ አይረሳውም። ከተማ ውስጥ ሙልሙሉ በኬክ እየተተካ ነው። ውጭ አገር፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አበልጅ ሌላ ስቴት ይኖርና ልጁ ክርስትና አባቱን በስልክ መስኮት ብቻ ያውቀዋል።

ከሁሉም በላይ ክርስትና አባት የሚፈለገው ለስሙ ነው። የክርስትና ስም ለቁርባን፣ ለተክሊል፣ ለፍትሐት ይጠየቃል፤ ሰው ደግሞ በቤት ስሙ ኖሮ ይረሳዋል። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሽራው ስልኩን ያነሳል። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» ከወዲያ ማዶ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ሳቅ። «ወልደ ሚካኤል ነህ አንተ። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው የጠፋኸው?»