በሰሜን ሸዋ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚደረግ የልጅ እንክብካቤ ድጋፍ

ሰሜን ሸዋ የሚለውን ስም ሁለት ዞኖች ይጋሩታል፤ ይህ ዳሰሳ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነውን፣ በአማራ ክልል የሚገኘውን ይመለከታል። በዞኑ ለልጅ ማቆያ ክፍያ ተብሎ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ የለም። አሜሪካን በመሰሉ አገሮች መንግሥት የማቆያውን ክፍያ ከፊሉን ይሸፍናል፤ ቀሪውን ወላጅ እንደ ገቢው ይከፍላል። እዚህ ግን እገዛው የሚመጣው በሌላ በር ነው፦ በሴፍቲኔት፣ በወሊድ ፈቃድ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሁሉም በላይ በአያትና በጎረቤት።

ወጪው ራሱ በደረሰኝ የሚታይ አይደለም። በዞኑ ገጠር፣ የመንዝ ወይም የግሼ ገበሬ ሚስት ለልጅ ጠባቂ የምትከፍለው ብር የለም፤ የምትከፍለው ቀኗን ነው። ሕፃኑ በአንቀልባ እስከታዘለ ድረስ ውኃውም እንጨቱም አረሙም እንደምንም ይሠራል። ችግሩ የሚጠናው ልጁ ለመታዘል ሲከብድ፣ ጥጃ ለመጠበቅ ደግሞ ገና ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ ከትምህርት ገበታ የምትቀረው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እህቱ ናት። ስለ ልጅ እንክብካቤ ወጪ የሚናገር ሁሉ ይህችን ልጅ መቁጠር አለበት።

በገጠር ለጉዳዩ በጣም የሚቀርበው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም የምግብ እጥረት የሚደጋገምባቸውን ወረዳዎች ያቅፋል፤ በመንዝም እንዲህ ያሉ ወረዳዎች አሉ። ጉልበት ያለው ሰው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ችግኝ ተክሎ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ ጉልበትም ጧሪም የሌለው ሥራ ሳይጠየቅ በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ደግሞ በጊዜያዊነት ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። እርግዝናዋ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ ከወለደችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ድንጋይ ሳትሸከም ድርሻዋን ታገኛለች፤ በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግ፣ ልጇን እንድታስከትብ፣ የሥነ ምግብ ትምህርት እንድትከታተል ይጠበቅባታል። ስሙ የልጅ እንክብካቤ ድጋፍ ባይሆንም ሥራው ያው ነው፦ እናቲቱ ከልጇ ጋር የምትውልበትን ጊዜ ይገዛላታል።

ይህ ጊዜ ሲያበቃ እናቲቱ ወደ ሥራው ትመለሳለች። ለዚህም የፕሮግራሙ መመሪያ በሥራ ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ ያዝዛል፤ ልጆቹን የምትጠብቀው ሴትም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ትመረጥና ጥበቃው እንደ ማኅበረሰብ ሥራ ተቆጥሮ ይከፈላታል። በእኔ እምነት ከፕሮግራሙ ሐሳቦች ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ልጅ መጠበቅ ድንጋይ እንደመካብ ሁሉ ደመወዝ የሚገባው ሥራ መሆኑን በግልጽ ይቀበላልና። ነገር ግን ማቆያ ሲባል ዳስ ወይም የዛፍ ጥላ ብቻ ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው በመንዝ የመሐል ሜዳ ደጋ፣ ውርጭና ንፋስ ባለበት፣ ለሕፃን አይበቃም። ግድግዳ፣ ውኃና ትኩስ አጥሚት ያስፈልጋል።

በደብረ ብርሃን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከተማዋ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ አንሥቶ በ2011 ዓ.ም. እስከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ ብዙ ወጣት ሴቶችን ትቀጥራለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። አባት ሦስት ቀን ያገኛል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። እነዚህ መብቶች ግን የቅጥር ውል ያላትን ሴት ነው የሚደርሱት። ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የምታመላልሰው የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት የምትቸረችረው፣ ቤቷ አረቄ የምታወጣው እናት ከእነዚህ ውጭ ናቸው። አረቄ አውጪዋ ልጇን አጠገቧ አድርጋ ትሠራለች፤ አጠገቧ ያለው ግን እሳትና ጭስም ጭምር ነው።

ትንሽ የተሻለ ገቢ ያላቸው ሞግዚት ይቀጥራሉ። ሞግዚቷ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጃገረድ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛ ቅጥር ግን በዚያ አዋጅ አይሸፈንም። ስለዚህ የአንዷ እናት ችግር የሚቃለለው የሌላዋን እናት ልጅ ከትምህርት በማስቀረት ሊሆን ይችላል።

ልጁ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ሸክሙ ይቀላል። በከተማ የግል መዋዕለ ሕፃናት አሉ፤ ክፍያቸው ግን ለቀን ሠራተኛ አይቀመስም። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈተው፣ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት የዜሮ ክፍል ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው የቄስ ትምህርት ቤትም ሀ ሁ ከማስቆጠሩ ባሻገር ሕፃናቱን ከእሳትና ከገደል ይጠብቅ ነበር።

ለደመወዝተኛ ወላጅ በግብር በኩል የሚደረግ ቅናሽም የለም፤ የገቢ ግብር የሚሰላው የልጆች ቁጥር ሳይታይ ነው።

የቀረው የዘመድና የጎረቤት እጅ ነው። አራስ ስትጠየቅ ገንፎውና ቅቤው ይመጣል፤ ልጁ ሲያድግ «አደራ፣ እስክመለስ ልጁን እዪልኝ» ብሎ ለጎረቤት መተው የተለመደ ነው። ይህ አደራ የሚሠራው ግን ሰው በሚተዋወቅበት መንደር ነው። ከገጠር መጥታ በፋብሪካው አጠገብ አንዲት ክፍል የተከራየች እናት፣ ከቀዬዋ ተፈናቅላ በደብረ ብርሃን መጠለያ የምትኖር እናት አያትም የቆየ ጎረቤትም የላቸውም። ማቆያ ቢከፈት መጀመሪያ በሩ ላይ የሚገኙት እነርሱ ናቸው።