«አዲሲቷ ሴት» ምን ማለት ነው? የ«ድራኩላ» ሴቶችና የዘመናቸው ክርክር

«አዲሲቷ ሴት» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእንግሊዝ የተማረችውን፣ በራሷ ሥራ የምትተዳደረውን፣ ብስክሌት የምትነዳውንና የጋብቻዋን ጉዳይ ራሷ መወሰን የምትሻውን ሴት ለማመልከት ያገለገለ ስያሜ ነው። በጋዜጦችና በመጽሔቶች የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ለደጋፊዎቿ የክብር መጠሪያ፣ ለተቃዋሚዎቿ ደግሞ መሳለቂያ ነበር። ያገቡ ሴቶች በስማቸው ንብረት እንዲይዙ የሚፈቅደው የ1882 ሕግ ወጥቷል፣ የሴቶች ኮሌጆችም ተከፍተዋል፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ግን ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ በሜይ 1897 በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ጣለው። የብራም ስቶከር ልቦለድ «ድራኩላ» ለአንባቢ የቀረበውም በዚያው ወር ነው።

ልቦለዱ ሁለት ጓደኛሞችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ሉሲ ዌስተንራንና ሚና መሬይን። ሉሲ በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ጠይቀዋት፣ አንዲት ልጅ ሦስቱንም፣ ወይም የፈለጓትን ሁሉ ማግባት ለምን አይፈቀድላትም ብላ ለሚና ትጽፋለች፤ ወዲያውም እንዲህ ማለት ኑፋቄ መሆኑን ራሷ ታክላለች። ምኞቷ በክፉ መንገድ ተፈጸመ። የሰው ደም እየመጠጠ የሚኖረው ቫምፓየር ድራኩላ ደሟን ሲመጥ ሦስቱ ጠያቂዎቿና ፕሮፌሰር ቫን ሄልሲንግ በየተራ ደማቸውን ይሰጧታል፤ እጮኛዋ አርተርም ደሙ በሥሯ ከፈሰሰ በኋላ እንደ ሚስቱ እንደቆጠራት ይናገራል፣ የሌሎቹን ደም ሳያውቅ። ሞታ ቫምፓየር ሆና ስትነሣ ሕፃናትን እያጠመደች ደማቸውን ትጠጣለች፤ በመጨረሻም ልቧን በእንጨት ካስማ የሚወጋት ይኸው እጮኛዋ ነው።

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ደራሲው ደፋሯን ሴት ቀጥቶ ጨዋዋን ሸለመ ይላሉ። ቅጣቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሉሲ አዲሲቷ ሴት አይደለችም። ሀብታም ናት፣ ሥራ የላትም፣ የምትጠብቀው ሠርጓን ነው፤ ከዘመኑ ክርክር የነካችው በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በሥራዋ አዲሲቷን ሴት የምትመስለው ሚና ናት፤ በንግግሯ ግን ትቀልድባታለች። ከሉሲ ጋር በእግር ተጉዘው ሻይ ሲጠጡ የበሉት ብዛት አዲሲቷን ሴት ሳይቀር ባስደነገጣት ነበር ብላ ትጽፋለች፤ ወደፊት እንዲያውም ሴቲቱ ራሷ የጋብቻ ጥያቄ ታቀርባለች እያለች ታሾፋለች። ይህቺው ቀልደኛ ረዳት መምህርት ናት፣ ንግግርን በፍጥነት መመዝገቢያውን አጭር ጽሕፈትና የጽሕፈት መኪናም ተምራለች። የተማርኩት ባሌን ጆናታንን ለማገዝ ነው ትላለች፤ ስቶከር ለአንባቢዎቹ እንዳትከብዳቸው የሰጣት ሽፋን ይመስለኛል። ምክንያቷ ምንም ይሁን ምን፣ የሁሉንም ማስታወሻ፣ ደብዳቤና በፎኖግራፍ የተቀዳ ድምፅ በጽሕፈት መኪና ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል የምታደራጀው እርሷ ናት፤ ያለዚያ ሥራ ድራኩላን የሚያሳድዱት ወንዶች የያዟቸው ቁርጥራጭ ወሬዎች አንድ ታሪክ መሆናቸውን ማወቅ አይችሉም ነበር።

ቫን ሄልሲንግ የወንድ አእምሮና የሴት ልብ አላት ብሎ ያደንቃታል፤ ባደነቃት አፉ ግን ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ለሴት አይሆንም ብሎ ከምክክሩ ያስወጣታል። በመጽሐፉ ውስጥ ወንዶቹ ከሚፈጽሟቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እነርሱ ሊጠብቋት ብለው ምሥጢር ሲደብቋት፣ ድራኩላ ባደሩበት ቤት ገብቶ ደሟን ይመጣል፤ የገረጣ ፊቷን እያዩም ድካም ነው ብለው ያልፉታል። ነገሩ በተገለጠበት ሌሊት ድራኩላ የእጅ ጽሑፉንና የፎኖግራፉን ቅጂዎች ያቃጥላል። ጥናቱን ከጥፋት ያዳነው ሚና አስቀድማ የተየበችው፣ በካዝና ተቆልፎ የተቀመጠው ትርፍ ቅጂ ነው።

ወንዶቹ ከዚያ በኋላ ወደ ምክክሩ ይመልሷታል፣ እርሷም ወዲያው ጥቅሟን ታሳያለች። ድራኩላ ወደ አገሩ ሲሸሽ በየትኛው ወንዝ እንደሚጓዝ ካርታና መረጃ አገናዝባ በጽሑፍ የምታስረዳው ሚና ናት። ደራሲው ግን እስከዚህ ድረስ ካመጣት በኋላ የፈራ ይመስላል፤ ፍጻሜው ላይ ጩቤና ቢላ የሚሰነዝሩት ወንዶች ናቸው፣ እርሷ ከሩቅ ትመለከታለች። በመዝጊያው ማስታወሻ ጆናታን ከኦሪጅናል ሰነዶቹ አንድም የሚባል እንደሌለና፣ ከኋለኞቹ ጥቂት ማስታወሻዎች በቀር፣ የቀረው በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ክምር ብቻ በመሆኑ ማንም እንዲያምናቸው መጠየቅ እንደማይችሉ ያማርራል። ያ ክምር አንባቢው በእጁ የያዘው መጽሐፍ ነው። ልጃቸው የሚጠራው ግን ከሉሲ ጠያቂዎች አንዱ በነበረውና በትግሉ በሞተው በኩዊንሲ ስም ነው፤ የተደራረቡት ስሞቹም የዚያን ቡድን ወንዶች በሙሉ የሚያስታውሱ ናቸው።